ለዘር የሚቀረው አውራ ዶሮ
(የሐበሻን ዶሮ በግቢ ውስጥ ስለ ማስፈልፈልና ስለ ማርባት)

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ዶሮ እርባታ ሲጽፍ ማየት ለአንዳንድ አንባብያን የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። ከእርሻ ትምህርት ወገን የሆኑ ወዳጆቻችንም «ይህማ የኛ ርስት ነው» ቢሉን አንቆጣም። ነገር ግን እኛ የምንኖረው ቀበና ነው፤ ከወንዙ ከፍ ብሎ ፊቱን ወደ እንጦጦ ባዞረ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ። በዚያ ግቢ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው አውራ ዶሮ ነው፤ ለጧቱ ትምህርት ስድስት ኪሎ የምንደርሰውም በእርሱ ጩኸት ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከላባውም ከኩሱም ጭምር ነው።

ቅርስ በተባለ ጊዜ ሐሳባችን ወዲያው የሚሮጠው በግቢያችን ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። እዚያ በመስታወት ውስጥ ያለው ቅርስ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ጠባቂ ካለው ይቆያል። በሁለት እግሩ የሚሄድ ቅርስ ግን እንዲህ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ የሚኖረው በየዓመቱ እንደገና ሲፈለፈል ብቻ ነው። ለዘር የሚበቃውን አውራ ለፋሲካ ያረድነው እንደ ሆነ፣ ቅርሱን በድስት አበስለን በላነው ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው።

የሐበሻ ዶሮ ማን ናት?

የዶሮ ሁሉ ቅድመ አያት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ወደ አገራችን መምጣቷ የትናንት ነገር አይደለም። በትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ዕድሜ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ተለክቷል፤ እነዚህም በአፍሪካ ምድር ዕድሜያቸው በቀጥታ ከተለካ የዶሮ አጥንቶች እጅግ የቀደሙት ናቸው። እንግዲህ አክሱም ገና ሳትገን ዶሮ በደጃችን ትጭር ነበር።

«የሐበሻ ዶሮ» ስንል ግን አንድ ወጥ ዝርያ ማለታችን አይደለም። ሕዝቡ በመልኳ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ አንገተ መላጣ እያለ ይጠራታል። ተመራማሪዎች ደግሞ በተገኘችበት አገር ይለዩአታል፤ የሆሮ፣ የጥሊሊ፣ የጨፌ፣ የጃርሶ፣ የቴፒ ይላሉ። እያንዳንዷ የኖረችበት አየር፣ የተመገበችው እህልና የተረፈችው በሽታ በደሟ ውስጥ ተጽፏል።

በእንቁላል ብዛት ከለካናት እንደምታሳፍረን አንክድም። በመንደር ጭራ የምታድር የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለች የውጭ ዶሮ ግን በሚገባ ከተቀለበች ከ280 በላይ ትጥላለች። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አማካይነት ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ዋይት ሌግሆርን፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የተባሉ ዝርያዎች ገቡ። በዘመናችን ደግሞ ቦቫንስ ብራውን፣ ሳሶና ኮኮክ በየቦታው ተሠራጭተዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም እንዲህ ያሉትን ጫጩቶች በብዙ ቤት አስገብቷል። እኛም የእነዚህ ጠላቶች አይደለንም። ከተማው እንቁላል ይፈልጋል፤ በተማሪዎች ምግብ ቤት የሚቀርበውን እንቁላል አያታችን በምታረባቸው አምስት ዶሮዎች እንመግባለን የሚል ሞኝ የለም።

ነገር ግን የሐበሻ ዶሮ አንድ ሥራ ታውቃለች፤ እንቁላል ታቅፋ ትፈለፍላለች። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። የምታቅፍ ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ከዚያም ጫጩቶቿን ሁለት ወር ያህል ስታሳድግ እንቁላል አትጥልም፤ በእንቁላል ለሚነግድ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር አርቢዎች በብዙ ትውልድ ምርጫ የመታቀፍን ጠባይ ከእንቁላል ዶሮዎቻቸው ውስጥ አጥፍተውታል። ውጤቱ ምንድን ነው? የውጭ ዶሮ ያለው ቤተሰብ ዶሮዎቹ ባረጁ ጊዜ አዲስ ጫጩት ከማስፈልፈያ ድርጅት መግዛት አለበት። የሐበሻ ዶሮ ያላት ባልቴት ግን መብራት ሳትከፍል፣ ማሽን ሳትገዛ ዘሯን ራሷ ታበዛለች። ይህች ዶሮ የጠፋች ቀን የሚጠፋው ሥጋና እንቁላል ብቻ ሳይሆን ከማንም ሳይለምኑ የማባዛት ነፃነት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችንና ውድቀቱ

ካቻምና ጥቅምት ላይ ከአያታችን ዶሮዎች አንዷ ከጎጆዋ አልነሣም አለች። ስንጠጋት ላባዋን ትነፋለች፣ ታጉረመርማለች፣ እጃችንን ትወጋለች። ለመታቀፍ እንደ ተነሣች ያወቅነው በዚህ ነው። የገዛ አውራችን ለዘመን መለወጫ ታርዶ ስለ ነበር የግቢያችን እንቁላል ዘር የለውም፤ ስለዚህ ከገበያ 13 እንቁላል ገዝተን፣ ውብ ይሁን ብለን አጥበን ከሥርዋ አስቀመጥን።

በ21ኛው ቀን የተፈለፈሉት 4 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ስንሰብራቸው ስድስቱ ምንም ሽል የሌለባቸው ሆኑ፤ ሦስቱ በቅርፊታቸው ውስጥ የሞቱ ነበሩ። ከ4ቱ ጫጩቶች አንዱን ጭልፊት ወሰደው፤ አንዱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ሰጠመ። ዶሮዋን ልንወቅስ ስንጀምር አያታችን «እናንተ ልጆች፣ እሷ መች ሰነፈች? የሰነፋችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነበር። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን በተራ እናስረዳለን።

እንቁላል ስለ መምረጥ

አንደኛ፣ እንቁላሉ አውራ ካለበት መንጋ የመጣ መሆን አለበት። አውራ የሌላት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ጫጩት የሚሆን እንቁላል አትጥልም። በገበያ የሚሸጠው እንቁላል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ይሁን። ከ7 ቀን ያላለፈው ይመረጣል፤ ከ10 ቀን በኋላ ተስፋው በየቀኑ ይቀንሳል። እስኪታቀፍ ድረስ የሾለው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ጥላ ሥፍራ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይግባ።

ሦስተኛ፣ አይታጠብ። በቅርፊቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ልባስ አለ፤ ረቂቅ ሕዋሳት እንዳይገቡ የሚከለክል እርሱ ነው። እኛ ለውበት ብለን ያጠብነው ይህንኑ ጋሻ ነበር። የቆሸሸውን ማጠብ ሳይሆን መተው ይሻላል።

አራተኛ፣ በጣም ትልቁም በጣም ትንሹም አይመረጥ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከ40 እስከ 45 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ እጅግ የራቀውን ለምግብ አድርጉት። የተሰነጠቀውንም እንዲሁ።

አምስተኛ፣ አባቱን እወቁ። ዶሮ ከአውራ ከተለየች በኋላ እንኳ ዘሩን በሆዷ ይዛ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ፍሬ ያለው እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ የጎረቤት የውጭ አውራ በአጥር እየዘለለ የሚመጣባችሁ ከሆነ፣ ዶሮዎቻችሁን ለይታችሁ ሦስት ሳምንት ካልቆያችሁ በቀር የምትፈለፍሉት የማን ልጅ እንደ ሆነ አታውቁም።

21ዱ ቀናት

ታቃፊዋን ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ጥግ አድርጓት። እኛ በአሮጌ እንቅብ ውስጥ ከሣሩ ጋር የተቆረጠ እርጥብ አፈር አነጠፍን፤ በላዩ የጤፍ ጭድ ጨመርን። ቅማልና ቅንቅን ያለባት ዶሮ ተረጋግታ አትታቀፍምና አስቀድማ አመድ ላይ እንድትንከባለል አደረግን። ሁለት ሌሊት ሳትነሣ ማደሯን ካየን በኋላ እንቁላሎቹን በሌሊት ከሥርዋ አስገባን፤ በጨለማ አትደነግጥም። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃታል። ከዚያ በላይ ሲሆን የዳሩ ይቀዘቅዛል፤ እሷ ስታገላብጥም የቀዘቀዘው ወደ መሐል ገብቶ የሞቀው ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁሉም ይበላሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእናቲቱ ነው። የደረቷን ላባ ነቅላ ቆዳዋን ከቅርፊቱ ጋር ታገናኛለች፤ በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣቸዋለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ በልታ፣ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ ትመለሳለች። እኛ የምናደርገው ጥሬና ውሃ ከአጠገቧ ማኖርና ድመትን መከልከል ብቻ ነው።

በ7ኛው ሌሊት በጨለማ ውስጥ የስልካችንን መብራት በደንዳናው ጫፍ ላይ ደግነን እንቁላሎቹን አየን። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ከእርሱም እንደ ሸረሪት እግር የሚዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። በዚህን ጊዜ ልቡ መምታት ከጀመረ ቀናት አልፈዋል። ባዶው ግን እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ያበራል። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ደግሞ ጀምሮ የሞተ ነው። ባዶውንና የሞተውን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይሸታል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በ14ኛው ሌሊት ይህንኑ መድገም ይገባል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን እጅ መሰብሰብ ነው።

በ20ኛው ቀን ጆሮን ለሚያስጠጋ ሰው ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ እናቲቱም ትመልሳለች። ጫጩቱ በመንቁሩ ጫፍ ላይ ባለች ጠጣር እሾህ ቅርፊቱን ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ለመውጣት እስከ አንድ ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ያዘነ ሰው ቅርፊቱን ልቅደድለት ቢል ይገድለዋል። የሚያርፍ ሲመስል የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ፣ የደም ሥሮቹም እየደረቁ ነው። ይኸው አስኳል ከተፈለፈለ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ስንቅ ይሆነዋል፤ የአንድ ቀን ጫጩት ሳይበላ ሩቅ መንገድ የሚጓዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን የትዕግሥትን ትምህርት የወሰዱት ከጥሩ ቦታ ነው።

የቀበና አየርና እንቁላሉ

አንድ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት 10,000 ገደማ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሽሉ በእነርሱ ይተነፍሳል፤ ውሃም በእነርሱ ይወጣል። እስከ 18ኛው ቀን ድረስ እንቁላሉ ከክብደቱ ከ12 እስከ 14 ከመቶ ያህል ቢቀንስ ደግ ነው። ከዚያ አብልጦ ከደረቀ ጫጩቱ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ይሞታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ይዘላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ በቀዳዳዎቹ የሚወጣው ውሃ ይፈጥናል። ስለዚህ በዚህ ከተማ እንቁላል ለሚያስፈለፍል ሰው እርጥበት ዋና ነገር ነው። ከጭዱ ሥር እርጥብ አፈር ያነጠፍነው፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናትም በጎጆው ዙሪያ ለብ ያለ ውሃ ያርከፈከፍነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታቃፊ ለሌለው

ታቃፊ ዶሮ የሌለው በማሽን ሊያስፈለፍል ይችላል። ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ በጭቃ ምድጃ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ሲያስፈለፍሉ ኖረዋል፤ ሙቀቱንም የሚለኩት እንቁላሉን የዓይናቸው ቆብ ላይ አስጠግተው ነበር። የዛሬው ኢንኩቤተር ይህንኑ በቴርሞሜትር የሚሠራ ነው። ሙቀቱ 37 ነጥብ 5 ዲግሪ ይሁን። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 ከመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 ከመቶ ይሁን። በኛ ከፍታ ግን ከዚህ ጥቂት ማብዛት ይሻላል። እንቁላሉ በቀን 3 ወይም 5 ጊዜ ይገላበጥ፤ ጎዶሎ ቁጥር የሚያስፈልገው ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳያድር ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ሣጥኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ መሸፈን ነው። እናት ዶሮም እኮ በየቀኑ ጥላው ትነሣለች፤ ጥቂት ቅዝቃዜ ሽሉን አይገድለውም፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ግን ፈጥኖ ይገድላል።

ከተፈለፈሉ በኋላ

በልቅ በሚያድሩ የመንደር ዶሮዎች ዘንድ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ስለዚህ እንቁላል ከማብዛት ይልቅ የተፈለፈለውን ማትረፍ ይጠቅማል። ገዳዮቹም ብርድ፣ ረኃብ፣ አውሬና በሽታ ናቸው።

ብርድን እናቲቱ በክንፏ ትከላከላለች። እናት የሌላቸው ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ላባ እስኪያወጡ መሄድ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ጫጩቶቹን ይመልከት፤ ተቃቅፈው የሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ተበታትነው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። በጅማ የእርሻ ኮሌጅ የተጠናው የሣር ሣጥን ለተማሪ ኪስ የሚመች ነው፤ በሣጥኑ ግድግዳና ክዳን ዙሪያ ደረቅ ሣር ይጠቀጠቅና ጫጩቶቹ በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት ያድራሉ፤ መብራት አይፈልግም።

ለምግባቸው የተፈጨ በቆሎ፣ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ እናቀላቅላለን፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍረን እንጨምራለን። ውሃው ጥልቀት በሌለው ሳሕን ላይ ጠጠር ተደርጎበት ይቅረብ፤ የሳፋው ትምህርት ይበቃናል። ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ደግሞ እስከ ሁለት ወራቸው ድረስ በሽቦ የተሸፈነ ማደሪያ ይጠብቃቸዋል።

ከበሽታ ሁሉ የከፋው ፈንግል ነው። አንድ መንደር ከገባ ዶሮ ላያስቀር ይችላል፤ መድኃኒትም የለውም። ያለው ክትባት ብቻ ነው። ይህንም እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርተዋል። ችግሩ ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሰባት ጫጩት ያለው ሰው ለብቻው ቢገዛ የቀረውን ይደፋዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ከዚህ በተረፈ ማደሪያውን ደረቅ ማድረግ ነው፤ እርጥብ ጭድ የደም ተቅማጥ ያመጣል። እኛ ከመስቀል በኋላ የምናሳቅፈው ጫጩቶቹ ክረምቱን ሳያገኙ በበጋው እንዲጠነክሩ ብለን ነው።

የትኛው አውራ ይቅር?

አምና ከወንዙ ዳር ተነሥተው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የሄዱ አንዲት እናት «ፎቅ ላይ የት አደርጋቸዋለሁ?» ብለው ሁለት ዶሮዎቻቸውን ለአያታችን ሰጥተው ሄዱ። ከጎረቤት አውራ ተውሰን፣ የግቢያችንን 11 እንቁላል በጥቅምት አሳቀፍን። ዘጠኝ ተፈለፈሉ፤ ሰባት አደጉ፤ አራቱ አውራ፣ ሦስቱ ቄብ ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ፈተና የመጣው። በአገራችን ለበዓል የሚመረጠው ማን ነው? ትልቁ፣ ጤነኛው፣ ላባው የሚያምረው ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነዋ። በግቢ ቀርቶ ዶሮዎቹን የሚያጠቃው ደግሞ ገዢ ያጣው ቀጭኑ ነው። ሳናውቀው በየፋሲካው ክፉውን እየመረጥን በጎውን እናርዳለን፤ ቆይተን ደግሞ «የሐበሻ ዶሮ እኮ ቀጫጫ ናት» ብለን እናማታለን።

መምረጥ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ከምዕራብ ኦሮሚያ ከሆሮ የተሰበሰበ እንቁላል ተፈልፍሎ ሥራ ተጀመረ። የውጭ ደም ሳይጨመርበት፣ ከየትውልዱ በእንቁላል ብዛትና በ16 ሳምንት ክብደታቸው የበለጡትን ብቻ ለዘር በማስቀረት የሆሮ ዶሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተሻሻለች ሄደች። ለዘር የሚቀረውን አውቆ መምረጥ ብቻ ነበር።

እኛም በየእግራቸው ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር አሥረን በደብተር መዘገብን። በየካቲት 16 ሳምንት ሲሆናቸው መዘንናቸው። አንድ ወሰራ ከሦስቱ ወንድሞቹ በለጠ፤ እናቱም ጥሩ ጣይና ጥሩ አቃፊ ናት። ይህን መጠየቅ አይዘንጋ፤ አውራ እንቁላል ባይጥልም የእናቱን ጠባይ ለሴት ልጆቹ ያወርሳልና።

ፋሲካ ሲቀርብ ገዢው መጥቶ ጣቱን የቀሰረው ወሰራው ላይ ነበር። ለእርሱ ብቻ ለሌሎቹ ለሁለቱ የሚሰጠውን ያህል ሊከፍል ቀረበ። አያታችን የበዓሉን ዘይትና ሽንኩርት እያሰቡ ዝም አሉ፤ እኛም የወሩን የታክሲ ሒሳብ እያሰብን ዝም አልን። በመጨረሻ ሦስቱን ሸጥን፤ ወሰራው ቀረ። ያን ፋሲካ በቤታችን ወጡ ሳሳ ያለ ነበር።

የሰባት ቤት ሒሳብ

ታዲያ ወሰራውን ለራሳችን አላስቀረነውም። ምክንያቱን በሒሳብ እናስረዳ፤ የአርትስ ተማሪም የሚችለው ሒሳብ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉትን አውራዎች ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አባዙ፤ እንደገና በ4 አባዙ፤ የተገኘውን በጠቅላላ ቁጥራቸው አካፍሉ። አንድ አውራና 10 ዶሮ ያለው ግቢ 40 ሲካፈል ለ11፣ ማለትም 3 ነጥብ 6 ይሆናል። 11 ዶሮ በዓይን ይታያል፤ በዘር ሒሳብ ግን አራት እንኳ አይሞላም። 1ን ለዚህ ቁጥር እጥፍ ስናካፍል ደግሞ በየትውልዱ የሚጨምረውን የዝምድና ርቢ እናገኛለን፤ ይኸውም 14 ከመቶ ያህል ነው። በጥቂት ትውልድ ውስጥ እንቁላሉ አይፈለፈልም፣ ጫጩቱም ይልፈሰፈሳል።

አሁን አራት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ አውራና 5 ዶሮ ይዘው በየዓመቱ አውራዎቻቸውን ቢለዋወጡ፣ 4 አውራና 20 ዶሮ ማለት ነው። በዚሁ ስሌት 13 ነጥብ 3 ይሆናል፤ የዝምድናውም ርቢ ወደ 4 ከመቶ ይወርዳል። ማንም ቤት ዶሮ አልጨመረም፤ የጨመረው ስምምነት ብቻ ነው።

ይህን ለአያታችን ስንነግራቸው መጀመሪያ «እኛ አሳድገን ለሰው ቤት!» ብለው ተቆጡ። «እማማ፣ እዚህ ከቀረ እኮ የሚያጠቃው እናቱንና እኅቶቹን ነው» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «እንዲያማ ከሆነ ይሂድ፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አለ እንዴ!» አሉ። እኛ በክፍልፋይ የደከምንበትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ወሰራው ዛሬ ከአቀበቱ በላይ በአንድ የክፍል ጓደኛችን ግቢ ውስጥ ነው። የዚያ ቤት ገብስማ አውራ ደግሞ እኛ ዘንድ መጥቷል፤ ድምፁ ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ለጧቱ ትምህርት ያደርሰናል። አውራውን ያዋሰን ጎረቤት ሦስተኛው ቤት ሆኗል። በየመስከረሙ አውራዎቹ አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ክትባቱንም በአንድ ቀን እናስከትባለን፤ ከየቤቱ የበለጠው አንድ አውራ በዓል ቢመጣ እንዳይሸጥ ተስማምተናል።

አራተኛው ቤት ጎድሎናል። ከአንባብያን መካከል ቀበና፣ የካ ወይም እንጦጦ ሥር የሚኖር፣ ትንሽ ግቢና የሐበሻ ዶሮ ያለው ካለ፣ ከትምህርት በኋላ በማኅበሩ ክፍል ያግኘን። ግቢ የሌለውም ቢሆን በበዓል ሰሞን ቤተሰቡ አውራ ሲመርጥ አንድ ጥያቄ ይጠይቅልን፤ «ይህ ከታረደ ለዘር የሚቀረው የትኛው ነው?»